ከእርሻ ወደ ፊልም ሥራ፤ የኦስካር ሚሾ የሕይወት ታሪክ

በሲኒማ ቤት ወይም በቴሌቪዥን ፊልም ስትመለከቱ ዐይናችሁ የሚያርፈው በተዋናዮቹ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ከእነሱ በስተጀርባ ድርሰቱን የጻፈ፣ ገንዘቡን ያሰባሰበ፣ ካሜራውን የያዘና ሥራውን የመራ ብዙ ሰው እንዳለ መዘንጋት የለባችሁም። ይህ ሙያ ለሰው ሁሉ እኩል ክፍት ሆኖ የኖረ አይደለም። በአሜሪካ የፊልም ሥራ በተስፋፋበት ዘመን ጥቁሮች ከሙያው ተገልለው ነበር። በ1915 ወጥቶ በሰፊው በታየ አንድ ፊልም ውስጥ የጥቁሮቹን ዋና ዋና ገጸ ባሕርያት የተጫወቱት ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ ነጮች ነበሩ። ፊልሙም የጥቁሩን ሕዝብ ሰብአዊ ክብር የሚያዋርድ ነበር። ይህን የተዘጋ በር ታግለው ካስከፈቱት ሰዎች አንዱ ኦስካር ሚሾ ነው። በታሪኩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሚሾ ጃንዋሪ 2 ቀን 1884 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት፣ በሜትሮፖሊስ ከተማ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በኬንታኪ በባርነት የተወለደ ሰው ነበር። ልጁ ሲወለድ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሚሾ በ17 ዓመቱ እናትና አባቱን ተሰናብቶ ወደ ቺካጎ ሄደ። እዚያም በቄራ ሠራ፤ ጫማ ጠረገ፤ በኋላም በባቡር ውስጥ የመንገደኞች አስተናጋጅ ሆነ። የባቡሩ ሥራ ሁለት ጥቅም አስገኘለት። በአንድ በኩል አገር አየ፤ በሌላ በኩል ጥቂት ገንዘብ አጠራቀመ።

ባጠራቀመው ገንዘብ በ1905 ገደማ በደቡብ ዳኮታ መሬት ገዝቶ ማረስ ጀመረ። ጎረቤቶቹ ነጮች ነበሩ። እሱም ድንግል መሬት አልምቶ ብርቱ ገበሬ መሆኑን በሥራው አስመሰከረ። ነገር ግን መከራው ተደራርቦ መጣ። ድርቅ ሰብሉን አጠፋው፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ በመጨረሻም መሬቱን አጣ። ሆኖም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የደረሰበትን ሁሉ በመጽሐፍ መልክ ጽፎ በ1913 አሳተመ፤ መጽሐፉንም ከቤት ቤት እየዞረ ለገበሬዎች ሸጠ። በ1917 ደግሞ ስለ ሰፋሪ ገበሬ ሕይወት የሚተርክ ልብ ወለድ አወጣ።

በ1918 በጥቁር ወንድማማቾች የሚመራ አንድ የፊልም ኩባንያ ይህን ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለመለወጥ ጠየቀው። ሚሾ ፊልሙን ራሱ ካላዘጋጀው በቀር እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ ኩባንያውም አልተስማማም። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ፊልም ሠርቶ የማያውቅ ሰው የቀረበለትን ገንዘብ ተቀብሎ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ቀድሞ መጽሐፉን የገዙትን የሱ ሲቲ አካባቢ ነጭ ገበሬዎች አክሲዮን እንዲገዙ አግባባ። በተገኘው ገንዘብ የተሠራው ድምፅ አልባ ፊልም በ1919 በቺካጎ ለሕዝብ ታየ። በዚህም ሚሾ ረጅም ፊልም ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን አንዱ ሆነ።

በሚከተለው ዓመት ያወጣው ፊልም በጥቁሮች ላይ ያለ ፍርድ ይፈጸም የነበረውን ግድያ በግልጽ የሚያሳይ ነበር። በቺካጎ በ1919 የዘር ብጥብጥ ተነሥቶ ስለነበረ የከተማው ሳንሱር ፊልሙ ሁከት ያስነሣል በሚል ሥጋት መጀመሪያ ከለከለው። ከብዙ ክርክር በኋላ ግን በጃንዋሪ 1920 ታየ።

የሚሾ አሠራር የቆጣቢ ገበሬ አሠራር ነበር። ስቱዲዮ ለመከራየት አቅም ሲያጥረው በወዳጆቹ ቤት ፊልም ያነሣ ነበር። የተዋናዮቹን ፎቶግራፍ ይዞ ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ያሳያል፤ ከእነሱም ቀብድ ተቀብሎ የሚቀጥለውን ፊልም ይጀምራል። በዚህ ዘዴ ከ40 የማያንሱ ፊልሞችን ሠራ። በሌላ ቦታ የአሽከርና የገረድ ሚና ብቻ ይሰጣቸው የነበሩ ጥቁር ተዋናዮች በእሱ ፊልሞች ውስጥ ሐኪም፣ መምህርና መርማሪ ሆነው ታዩ። ዝነኛው ድምፃዊና ተዋናይ ፖል ሮብሰን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም የሠራው በ1925 በወጣው የሚሾ ፊልም ነው።

ይህ ሲባል ግን ሥራው እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። በገንዘብ እጥረት ምክንያት ብዙ ፊልሞቹ የጥራት ጉድለት ነበረባቸው። በ1938 የወጣው ፊልሙም ጥቁሮችን በቆዳቸው ቅላትና ጥቁረት ያበላልጣል ተብሎ በኒውዮርክ ተቃውሞ ገጥሞታል። ኩባንያው በ1928 ከስሮ ነበር። ሚሾ ግን እንደገና ተነሥቶ በ1931 ድምፅ ያለው ረጅም ፊልም በማውጣት ከጥቁር አዘጋጆች ቀዳሚ ሆነ። የመጨረሻው ፊልሙ በ1948 ወጥቶ አልተሳካለትም። እሱም በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርሎት ከተማ ማርች 25 ቀን 1951 በ67 ዓመቱ አረፈ።

ከፊልሞቹ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በ1920 የታየው ግን አንድ ቅጂው ስፔን ውስጥ ተገኝቶ በ1993 ታድሷል። በ1987 ስሙ በሆሊውድ የዝነኞች ጎዳና ላይ ተቀርጿል። በሕይወት ሳለ ያላስገባችው ከተማ ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ አከበረችው ማለት ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ እንዲሉ፣ ሚሾ የራሱን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲነግርለት አልፈቀደም። እናንተም ነገ በየትኛውም ሙያ ብትሰማሩ፣ በሩ ለእናንተ ከተከፈተ በኋላ ከኋላችሁ ላሉት ክፍት አድርጋችሁ መተውን አትርሱ።

መልመጃ

1. ሚሾ ልብ ወለዱን ለኩባንያው ያልሰጠው ለምንድን ነው?
2. በገበሬነቱና በፊልም አሠራሩ መካከል ያለውን ተመሳሳይነት አስረዱ።
3. “ሳንሱር”፣ “አክሲዮን” እና “ቀብድ” የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።
4. በአካባቢያችሁ ለብዙዎች ዝግ የሆነ ሙያ መርጣችሁ፣ እንዴት ሊከፈት እንደሚችል በሁለት አንቀጽ ጻፉ።