ሸክም ሲቀርለት ክብደት ያነሳው ቤንጃሚን ፍራንክሊን

በለንደን ከተማ ሃምሳ የሚጠጉ ሠራተኞች በሚተጉበት አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ደረጃ ይወጣል፤ ደረጃ ይወርዳል። በሁለቱም እጆቹ ሸክም ይዟል። ሸክሙ በገጽ በገጽ ተደርድረው፣ በማዕቀፍ ጠብቀው የታሰሩ የብረት ፊደላት ናቸው። ፊደላቱ በአብዛኛው ከእርሳስ ማዕድን የተሠሩ በመሆናቸው ይከብዳሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች አንዱን ማዕቀፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ይጓዛሉ። ወጣቱ ግን በቀኙ አንድ፣ በግራው አንድ ይዞ ይመላለሳል።

ያ ወጣት ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበር። ዓለም የሚያውቀው መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑን በማሳየቱ፣ የመብረቅ መከላከያ ዘንግን በመፈልሰፉ፣ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ በመሆኑ ነው። የዛሬው ትረካችን ግን ስለ ሌላው ገጽታው ነው። በጉልበቱ ሲያድር ጠንካራ ስለነበረ፣ ኑሮ ሲመቸው ሰውነቱ ስለከበደው፣ ኋላም ከእጁ የራቀውን ክብደት በገዛ ፈቃዱ መልሶ ስላነሳው ፍራንክሊን ነው።

ፍራንክሊን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1706 በቦስተን ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ሳሙናና ሻማ እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር የእጅ ባለሙያ ነበር። ከ17 ልጆች 15ኛው የነበረው ቤንጃሚን በ10 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ አባቱን ማገዝ ጀመረ። በ12 ዓመቱ በታላቅ ወንድሙ ማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ከሥራው ሲያርፍ ደግሞ ውኃ ዋና ነበር ደስታው። በ17 ዓመቱ ወንድሙን ጥሎ ወደ ፊላዴልፊያ ኮበለለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ።

በለንደኑ ማተሚያ ቤት የነበሩት ሠራተኞች ብርቱ ለመሆን ብርቱ ቢራ መጠጣት ያስፈልጋል ብለው ያምኑ ነበር። ከፍራንክሊን ጋር በአንድ መኪና የሚሠራው ባልደረባው ከቁርስ በፊት፣ በቁርስ ጊዜ፣ ከቁርስ በኋላ፣ በምሳ፣ ከሰዓትና ሥራ ሲያበቃ፣ በቀን ስድስት ጊዜ በግማሽ ሊትር ገደማ መለኪያ ይጠጣ ነበር። ፍራንክሊን ውኃ ብቻ ስለሚጠጣ መሳለቂያ ሆነ። እርሱ ግን ከባልደረባው ጋር በሒሳብ ተከራከረ። ቢራ ኃይል ከሰጠ፣ የሚሰጠው በውኃው ውስጥ በሟሟው ገብስ መጠን ነው፤ በጥቂት ሳንቲም በሚገዛ ዳቦ ውስጥ ያለው ዱቄት ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ ዳቦውን በልቶ ውኃ የሚጠጣ ሰው የተሻለ ብርታት ያገኛል የሚል ነበር ክርክሩ። ገብስን በበሶም በጠላም ለሚያውቀው አርሶ አደራችን ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የፍራንክሊን እውነተኛ ማስረጃ ግን ቃሉ ሳይሆን ደረጃው ላይ የሚታየው ነበር። ውኃ ጠጪው ሁለት ሲሸከም፣ ቢራ ጠጪዎቹ አንድ ይሸከሙ ነበር።

በ1726 ወደ ፊላዴልፊያ ተመልሶ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ወረቀት ሲገዛም በእጅ ጋሪ ጭኖ፣ ሰው እያየው፣ በከተማው ጎዳና እየገፋ ወደ ሥራ ቦታው ይወስድ ነበር። በዚህም ሥራን የማይንቅ ታታሪ ነጋዴ መሆኑን ለከተማው ሰው አሳየ። በእነዚያ ዓመታት ፍራንክሊን ጥንካሬን ፍለጋ የትም መሄድ አላስፈለገውም። እንጀራው ራሱ ጉልበትን የሚጠይቅ ነበርና ጥንካሬ ከሥራው ጋር አብሮ ይመጣ ነበር።

ትጋቱ ፍሬ አፈራ። በ1748፣ በ42 ዓመቱ፣ ማተሚያ ቤቱን ለሸሪኩ አስረክቦ ከእጅ ሥራ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የኖረው በምርምር፣ በንባብ፣ በደብዳቤና በስብሰባ ነው። በ1752 ስለ መብረቅ ያደረገው ዝነኛ ሙከራ የመጣውም በዚህ የዕረፍት ዘመን ነው። በ1757 የፔንስልቬንያ ወኪል ሆኖ ለንደን ሲመለስ ግን የድሮው ተሸካሚ አልነበረም። በሠረገላ የሚጓዝ፣ በትልልቅ ሰዎች ማዕድ የሚቀመጥ፣ አገልጋዮችና በባርነት የያዛቸው ሰዎች የሚሠሩለት የተከበረ ሰው ሆኗል።

ሰውነት ግን ክብርን አይቆጥርም። ክብደት የማይነካ ክንድ ይለሰልሳል፤ ደረጃ የማይወጣ እግር ይዝላል። ፍራንክሊን ወፈረ። በ1770 ለቤት ቀልድ ባዘጋጀው ጋዜጣ ላይ በገዛ ውፍረቱ እስከ መቀለድ ደርሶ ነበር። ሪህም ያዘው፤ እግሩን እያሳበጠ አልጋ ላይ ያውለው ጀመር። የሚገርመው በ1749 ስለ ወጣቶች ትምህርት ባቀረበው ሐሳብ፣ ተማሪዎች ሰውነታቸው እንዲጠነክር ሩጫን፣ ዝላይን፣ ትግልንና ዋናን እንዲያዘወትሩ የመከረው እርሱ ራሱ ነበር። ለልጆች የታወቀው ነገር በጎልማሳው ዘንድ ተዘንግቶ ነበር።

በ1772 በሌላኛው አህጉር የነበረው ልጁ ዊሊያም ጤና ማጣቱንና ከእንግዲህ ሰውነቱን ለማንቀሳቀስ መወሰኑን ጻፈለት። ዊሊያም የኒው ጀርሲ ገዥ ነበር፤ ዕድሜው አርባ ገደማ ነው። አባቱ ከማተሚያ ቤቱ ደረጃ በወረደበት ዕድሜ ላይ ደርሶ ነበር ማለት ነው። የ66 ዓመቱ አባት ውሳኔውን አመስግኖ፣ ከራሱ ሰውነት የተማረውን በመልስ ደብዳቤው አስፍሮ ላከለት።

የምክሩ ዋና ሐሳብ እንቅስቃሴ በሰዓት ርዝመት ወይም በመንገድ ርቀት አይለካም፤ በሰውነት ውስጥ በሚፈጥረው ሙቀት ነው የሚለካው የሚል ነበር። በሠረገላ አምስት ማይል ከመጓዝ በፈረስ አንድ ማይል መጋለብ ይበልጣል፤ በፈረስ አምስት ማይል ከመጋለብ በእግር አንድ ማይል መሄድ ይበልጣል፤ በሜዳ አምስት ማይል ከመሄድ ደግሞ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ አንድ ማይል መጓዝ ይበልጣል ሲል አስረዳ። ጊዜ የሌለው ሰውም በጥቂት ደቂቃ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ብዙ እንቅስቃሴ ማግኘት እንደሚችል አመለከተ። ከዚያም ዳምቤልን ጠቀሰ።

ዳምቤል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጥሬው ድምፅ የሌለው ደወል ማለት ነው። ዛሬ በየስፖርት ማዘውተሪያው በእጅ የሚነሳውን ክብደት የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። ፍራንክሊን እንደ ተመራማሪነቱ ክብደቱን በማንሳት ብቻ አልተወሰነም። ሰከንድ በሚቆጥር ሰዓት የልብ ምቱን ለካ። ዳምቤሉን 40 ጊዜ ሲያወዛውዘው ምቱ በደቂቃ ከ60 ወደ 100 ከፍ እንደሚል አገኘ። ስለ ስፖርት ሕክምና የሚያስተምር ተቋም ባልነበረበት ዘመን፣ በገዛ ደም ሥሩ ላይ የተደረገ ልኬት ነበር።

ይህን ያወቀው ሰው የጻፈውን ሁልጊዜ አልፈጸመም። በ1776፣ በ70 ዓመቱ፣ የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ሆኖ ከፈረመ በኋላ ለአዲሲቱ ሀገሩ ድጋፍ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ተላከ። በዚያም መልካሙ ማዕድና የቼዝ ጨዋታው አሸነፉት። ከምሳ በኋላ ለሰዓታት ከቼዝ ገበታው አይነሳም ነበር። በ1780 ሪህ ክፉኛ አልጋ ላይ ጣለው። ፍራንክሊን በሕመሙ መካከል ብዕር አንስቶ ከሪህ ጋር የሚያደርገውን ሙግት ጻፈ። በጽሑፉ ሪህ እንደ ሴት ዳኛ ትከሰዋለች። እነዚያ ያማሩ የአትክልት ሥፍራዎች እያሉ ለምን አልተራመድክም፣ ለምን በሠረገላ ትመላለሳለህ እያለች ትወቅሰዋለች። እርሱም የሚመልሰው አጥቶ ጥፋቱን ያምናል። ሕክምና ዛሬ እንደሚያስረዳው ሪህ ከመቀመጥ ብቻ አይመጣም፤ የዘር ውርስም ምግብም ድርሻ አላቸው። ፍራንክሊን ግን የበኩሉን ጥፋት በሌላ ላይ አላላከከም።

ከዚያ የባሰው የፊኛ ጠጠር ነበር። በሠረገላ መንገጫገጭ የማይችለው ሕመም ሆነበት። በ1785 ከፈረንሳይ ሲሰናበት በቤተ መንግሥቱ በቅሎዎች መካከል በተንጠለጠለ ቃሬዛ ሆኖ ነበር ወደ ወደቡ የተጓዘው። መራመድም መጋለብም ከቀረ ለአንድ ሰማንያ ዓመት ለተጠጋው ሰው ምን ይቀረዋል? ፍራንክሊን ዳምቤሉ ቀረው። የላይኛውን የሰውነት ክፍል የሚያሠራ፣ ጠጠሩ ያለበትን ሥፍራ ግን ብዙም የማያናውጥ በመሆኑ መረጠው። ፊላዴልፊያ ከገባ በኋላ በየቀኑ ዳምቤል እንደሚያነሳ፣ ምግቡን እንደሚመጥንና ወይን እንደማይጠጣ ለፈረንሳዊ ወዳጁ ጻፈለት። ጠጠሩን አስወገደልኝ አላለም። እንዳይብስ ሳይረዳኝ አልቀረም ብሎ ተስፋ ያደርግ ነበር እንጂ።

በ1787፣ በ81 ዓመቱ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተረቀቀበት ጉባኤ ተቀመጠ፤ ፊርማውንም አኖረ። በዚያው ዓመት የፔንስልቬንያ የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። አንድ ጊዜ ራሱ ሰዎችን በባርነት የያዘው ሰው፣ በ1790 መጀመሪያ በሌሎች ጫንቃ ላይ ያለው ቀንበር እንዲነሳ ለሀገሩ ምክር ቤት አቤቱታ ፈረመ። በሚያዝያ ወር 1790 በ84 ዓመቱ አረፈ። 20 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ቀብሩ ላይ ተገኘ።

ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ እርሱ በተወለደባት በቦስተን ከተማ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎች በአማካይ 90 ዓመት የሆናቸውን 10 አረጋውያን በባለሙያ ክትትል ለስምንት ሳምንታት በእግራቸው ክብደት አሠሯቸው። እስከ መጨረሻው የዘለቁት የእግራቸው ጡንቻ ኃይል በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ፍራንክሊን በደም ሥሩ ላይ የጀመረው ልኬት መልስ ያገኘ ይመስላል። ጡንቻ በዘጠናም ዓመት ቢሆን ሲያሠሩት ይሰማል።

ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። የሰው ጡንቻ ካልሠራ ከጉልምስና ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል። ሞፈርና ቀንበር የሚሸከም ገበሬ፣ ውኃ የምትቀዳ እናት ይህን ድካም ፈልገው አያገኙትም፤ ሳይፈልጉት ይመጣል። ለእነርሱ የሚያስፈልገው ጀርባቸውን ከማይመጠን ሸክም መጠበቅና ዕረፍት ማግኘት ነው። እርሻውን ለልጁ አስረክቦ ደጃፍ ላይ የሚውለው አባት፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚውለው ነጋዴ፣ ወንበር የማይለቀው የቢሮ ሠራተኛ ግን ፍራንክሊን በ42 ዓመቱ ከቆመበት ቦታ ላይ ቆመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በመጠኑ ውኃ የተሞላ ጀሪካን ይበቃል። ከቀላል መጀመር፣ ቀስ በቀስ መጨመር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ደግሞ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ፍራንክሊን በወጣትነቱ ሁለት ማዕቀፍ የተሸከመው እንጀራው ስላስገደደው ነበር። በእርጅናው ዳምቤሉን ያነሳው ማንም ሳያስገድደው ነው። የመጀመሪያው ሸክም ገንዘብ አስገኘለት፤ የኋለኛው መራመድ ባቃተው ዘመን እንኳ ክንዱን ሥራ እንዳይፈታ አደረገው።