ተስፋን ይዞ የጠበቀ ሰው፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ ወደ እግዚአብሔር ለምነህ መልሱ የዘገየብህ እንደ ሆነ፥ ጸሎትህም የተረሳ ቢመስልህ፥ የዚህን ሰው ሕይወት አስተውለህ ተመልከት። ዘመኑ የተጻፈው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ ይህም በኦሮሞ ቋንቋ ፈቺ፥ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ባርያ ፈንጋዮች ከወገኖቹ ነጥቀው ወሰዱት፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠም ምጽዋ ደረሰ። በ1870 በዚያ ነጻ ወጣ፥ በምኵሉም ወደ ነበረው ወደ ስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ አምኖ ተጠመቀ።

ወደ ስዊድን ሄዶ ከተማረ በኋላ ልቡ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ይኸውም ወደ ተሰረቀበት አገር ተመልሶ ለወገኖቹ ወንጌልን መንገር ነው። በ1881 በሱዳን በኩል ሊገባ ተነሣ፤ ነገር ግን መንገዱ ስላልሆነለት ተመለሰ። ኋላም እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ለማለፍ ፈቃድ አጥቶ ዳግመኛ ወደ ምኵሉ ተመለሰ።

ወዳጄ ሆይ፤ ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር ብዙውን ሰው ያስመርራል፥ የእግዚአብሔርንም ጥሪ ያስጠረጥረዋል። እርሱ ግን እግሩ ወዳልደረሰበት አገር ቃሉ ይደርስ ዘንድ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ይተረጕም ጀመር። በዚህም ሥራ ትሕትናው ተፈተነ። በሕፃንነቱ ከአገሩ ስለ ወጣ የእናቱን ቋንቋ አልጠገበውም ነበርና። በባሕር ማዶ የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ ጕድለቱን ማመን አላሳፈረውም፤ እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ የወጣችውን አስቴር ጋኖን ረዳቱ አደረጋት፥ እርስዋም ቃላቱንና የአገሩን አነጋገር ሰበሰበችለት። አዲስ ኪዳን በ1893 በምኵሉ፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር ታተመ።

በ1904 በሩ ተከፈተ፤ ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ ያስተምር ጀመር። ከፊተኛው ጕዞው ጀምሮ 23 ዓመት ሆኖ ነበር። በዚያም መከራ አልቀረለትም፤ ተከሰሰ፥ እንዳይሰብክም ተከለከለ። በ1916 ግን ልጅ ኢያሱ እንዲያስተምር ፈቀዱለት፤ በ1931 እስኪሞትም ድረስ በነቀምቴ አገለገለ።

እንግዲህ አስብ። በ1881 መንገዱ ቀንቶለት ቢሆን፥ ይህን መጽሐፍ ሳይዝ በገባ ነበር። ሲከለከል ግን የሚይዘው ተዘጋጀለት። እኛ መዘግየት የምንለውን እግዚአብሔር ማዘጋጀት ያደርገዋል።

አንተም፥ የተማርህ ሆይ፥ በትምህርትህ አትታበይ፤ ከአንተ የሚያንስ ከሚመስልህም ለመማር አትፈር። የተመኘኸው በር ቢዘጋብህ እጅህን አጣጥፈህ አታጕረምርም፤ ዛሬ በፊትህ ያለውን ሥራ በታማኝነት ሥራ። የበሩ መክፈቻ በጌታ እጅ ነው፤ የአንተ ድርሻ በሩ በተከፈተ ቀን ባዶ እጅህን እንዳትገኝ መትጋት ነው።