የቪልሄልም ማይባኽ የሕይወት ታሪክ

በቅርቡ አምስት ሆነን ከጅዳ ወደ መካ ለዑምራ ስንጓዝ፣ የተሳፈርንባት አሮጌ መኪና በአውራ ጎዳናው ላይ ያለ አንዳች እንከን ስትከንፍ ቆይታ ሹመይሲ ኬላ ሰልፍ ስንይዝ ሚኒሞ አልይዝ ብላ ደጋግማ ጠፋችብን። ኢሕራማችንን እንደ ለበስን ወርደን ገፋናት። መካ ያገኘነው መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አየ፤ እሳታቸው ደኅና ነበር። ቾኩን ጥቂት ሲስበው ሞተሩ ረጋ። የጎደለው ቤንዚን መሆኑን ከዚህ ተረዳና ካርቡራተሩን ከፍቶ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ በአየር ነፋ፤ መኪናዋም ዳነች። ሕክምና ለምንማረው ለእኛ ይህ ጥሩ የምርመራ ትምህርት ነበር። ያን ዕቃ መጀመሪያ ያሰበው ማን ይሆን ብለን ስንፈልግ ያገኘነውን ታሪክ ለአንባብያን እነሆ።

ቪልሄልም ማይባኽ በ1846 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በሃይልብሮን ከተማ ተወለደ። በ10 ዓመቱ እናትም አባትም አልነበሩትም፤ ሮይትሊንገን በሚገኝ የበጎ አድራጎት ቤት አደገ፤ ንድፍና የመካኒክ ሙያ የተማረውም እዚያው ነው። እኛ በነጻ የትምህርት ዕድል የምንማር ሰዎች ይህን በቀላሉ አናልፈውም። የቤቱን ፋብሪካ ሊመራ የመጣው ጎትሊብ ዳይምለር ወጣቱን አይቶ ረዳቱ አደረገው፤ ወዳጅነታቸውም ዳይምለር በ1900 እስኪሞት ጸና።

ቀድሞ አየር በቤንዚን ላይ እያለፈ ተኑን ብቻ ይዞ ወደ ሞተሩ ይገባ ነበር። ማይባኽ በ1893 የሠራው ካርቡራተር ግን የቤንዚኑን ከፍታ በተንሳፋፊ ይጠብቃል፤ የሚሮጠው አየርም ቤንዚኑን ከጠባብ አፍንጫ ስቦ እንደ ጉም ይበትነዋል። ችግሩ ሞተሩ ሲያርፍ ነው፤ የአየሩ በር ሊዘጋ ይቃረባል፣ አየሩም ቤንዚን ለመሳብ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ በኋላ የመጡ መሐንዲሶች ለሚኒሞ ብቻ ሌላ ቀጭን መንገድ ጨመሩ። የእኛን መኪና ያስቆመው እዚያች ውስጥ የገባ ቆሻሻ ነበር።

በ1900 መጨረሻ የተሠራው ባለ 35 ፈረስ ጉልበት መኪና ንድፉ የማይባኽ ነው፤ በዓለም የታወቀው ግን በነጋዴው በኤሚል ዬሊኔክ ልጅ ስም፣ መርሴዲስ ተብሎ ነው። እኛ ይህን ፍርድ አልወደድነውም። ከዳይምለር ሞት በኋላ ማይባኽ በኩባንያው ውስጥ እየተገፋ ሄዶ በ1907 ለቀቀ። በ1909 ከልጁ ከካርል ጋር ለዜፔሊን አየር መርከቦች ሞተር የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። በ1929 መጨረሻ በ83 ዓመቱ ሽቱትጋርት ዐረፈ፤ የተቀበረውም ካንሽታት፣ ዳይምለር ባለበት መካነ መቃብር ነው።