ኒኮላይ ኮሮትኮቭ፤ የደም ሥርን ያዳመጠ ሐኪም

ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ክንዱ በሚነፋ ማሰሪያ ያልታሰረ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ነርሷ ማዳመጫዋን በጆሮዋ አድርጋ አየሩን ቀስ እያለች ስትለቅ፥ ዓይኗን ከመለኪያው ሳትነቅል ጸጥ ትላለች። በዚያች አፍታ የምትሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ባገኘው ሰው ስም ይጠራል። በዚህ መጽሔታችን የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደናል።

ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በ1874 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሩስያ አገር፥ ኩርስክ በምትባል ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1898 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1900 ዓ.ም. ከቀይ መስቀል ጋራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሄዶ ቁስለኞችን አከመ። በ1904 ዓ.ም. የሩስያና የጃፓን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ወደ ሐርቢን ተጓዘ።

በዚያ ያየው መከራ ለሥራው መነሻ ሆነው። በጥይት የተጐዳ የደም ሥር እንደ ከረጢት ያብጣል። ሐኪሙ ሥሩን ቢቋጥረው እጅ ወይም እግር ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል፤ ቢተወው ደግሞ ቁስለኛው ደሙ ፈሶ ሊሞት ይችላል። ኮሮትኮቭ ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት የአካሉን ዕድል ለማወቅ ይጥር ስለ ነበር፥ ማዳመጫውን በደም ሥር ላይ እያኖረ ማድመጥን ልማድ አደረገ።

ከእሱ በፊት ሪቫ ሮቺ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም በ1896 ዓ.ም. የክንድ ማሰሪያና የባዜቃ መለኪያ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ የእጅ ትርታ ሲጠፋና ሲመለስ በጣቱ ይዳስስ ስለ ነበር፥ የሚያገኘው የላይኛውን ግፊት ብቻ ነበር። ኮሮትኮቭ በጣቱ ፈንታ ጆሮውን አዋለ። በ1905 ዓ.ም. በኅዳር ወር በፒተርስበርግ ወታደራዊ የሕክምና አካዳሚ ያገኘውን ገለጠ፤ ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። ማሰሪያው ተነፍቶ ደም ሲቆም ድምፅ የለም፤ አየሩ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ምት የተሰማበት ቍጥር የላይኛው ግፊት፥ ድምፁ ፈጽሞ የጠፋበት ቍጥር የታችኛው ግፊት ነው። ድምፁ ከልብ የመጣ ነው ብለው የተከራከሩት ነበሩ፤ እሱ ግን በዚያው በደም ሥሩ የሚፈጠር መሆኑን አስረዳ።

ከዚህ በኋላ በሳይቤርያ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችን አከመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ቁስለኞችን ሲረዳ ቈይቶ በ1920 ዓ.ም. በ46 ዓመቱ ዐረፈ።

ዘዴው ቀላል ቢመስልም ጥንቃቄን ይፈልጋል። ማሰሪያው ለክንዱ ከጠበበ፥ ወይም ክንዱ ከልብ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ፥ ቍጥሩ ያለ እውነት ከፍ ይላል። ታካሚው ቡና ከጠጣ ወይም ከሮጠ 30 ደቂቃ ይቈይ፤ ከዚያም ጀርባውን አስደግፎ፥ እግሩን ሳያነባብር፥ ሳይናገር 5 ደቂቃ ይረፍ። ነርሷም መለኪያው በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ እንዲወርድ አየሩን ትልቀቅ፤ ብትቸኵል የመጀመሪያው ምት ያመልጣትና ቍጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። 138 ያገኘችውንም 140 ብላ አታጠጋጋ፤ ይህች ትንሽ ለውጥ ሰውን ከጤነኞች ተራ ወደ ሕሙማን ተራ ልታሻግረው ትችላለች። የተሳሳተ ቍጥር ጤነኛውን ያለ በሽታው መድኃኒት ያስውጣል፤ ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይም፥ ሕመምተኛውን ደኅና ነህ ብሎ ወደ ቤቱ ይሰዳል።

ዛሬ በብዙ ቦታ ባዜቃው ቀርቶ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ተተክቷል። ቢሆንም መሣሪያው ጠባቡን ማሰሪያ አያሰፋም፤ የሚያወራውንም ታካሚ ዝም አያሰኝም። ይህ የሰው ሥራ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ነገ ነርስና ሐኪም ለመሆን የምናስብ ሁሉ፥ ኮሮትኮቭ ታላቅ የሆነው ብዙ በመናገሩ ሳይሆን በትዕግሥት በማድመጡ መሆኑን እናስታውስ። የሰማነውን ብቻ፥ እንደ ሰማነው እንጻፍ፤ በዚያ ቍጥር ላይ የሚታመን ሰው አለና።