ዶክተር ላምቢና የበሽተኛው መሬት

በኦቶና ሆስፒታል ደጅ ከምንመላለሰው ተማሪዎች መካከል የቤቱን አጀማመር የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ስለ አንድ ሰው እንጽፋለን፤ ዘመኑንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እናደርገዋለን።

ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ በ1885 በአሜሪካ አገር ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1907 የሚሲዮን ሐኪም ሆነው ወደ ሱዳን ሄዱ። የኅዳር በሽታ አገራችንን በፈጀ ማግሥት፣ በ1919፣ ወደ ወለጋ ተሻግረው በሳዮ ሕክምና ጀመሩ። ቀጥሎም በራስ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ፣ ጆርጅ የተባሉ አሜሪካዊ ባለጸጋ በሰጡት ገንዘብ፣ በጉለሌ ሆስፒታል አሠሩ።

በ1928 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎችን መርተው በበቅሎ ወደ ደቡብ ወረዱ። ሐሳባቸው ጅማ ነበር፤ የሰፈሩት ግን በወላይታ፣ በከምባታና በሲዳሞ ሆነ። ባልንጀሮቻቸው በሶዶ የከፈቱት ሕክምና የኦቶና መነሻ ነው።

ይህ ቤት ለትርፍ አልቆመም፤ መድኃኒትም አልነፈገም። ነገር ግን ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ሲያርስ እግሩ ያበጠበት የወላይታ ገበሬ በመድኃኒት ብቻ አይድንም። የበሽታው ምንጭ የአፈሩ ብናኝ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ያስረዱት እጅግ ዘግይቶ፣ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ነው። መከላከያው ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ነው። ጫማ ደግሞ የሐኪም ሳይሆን የኪስ ጉዳይ ነው።

ላምቢ ይህን የመሰለውን ነገር በሌላ በሽታ አይተውት ነበር። ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከቤቱና ከእርሻው ተለይቶ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይለምን ነበር። ቁስሉን ቢያጥቡለት ወዴት ይመለሳል? ስለዚህ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖርበትን ስፍራ ሊያዘጋጁለት ተነሡ። የውጭ አገር ሰው መሬት መያዝ ስለማይፈቀድለት አሜሪካዊነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። እኛ ይህን ከቀዶ ጥገናቸው ሁሉ እናስበልጠዋለን።

ዳሩ ግን ታሪካቸው በዚህ አላበቃም። በ1935 ጦርነቱ ሲጀመር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተሰደዱ በኋላ ግን ለግራዚያኒ ገቡ። የሚሲዮኑን ሥራ ለማዳን ነው ይባላል። አልዳነም፤ በ1937 ሚሲዮናውያኑ ከሶዶ ወጡ። የአርበኞቹ ደም ገና ሳይደርቅ የተደረገውን ይህን ነገር በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ዜግነት የርስት መያዣ ወረቀት ብቻ ነበርን? አንዳንዶቻችን ለበሽተኞቹ ሲሉ ነው እንላለን፤ አንዳንዶቻችን ይህን አንቀበልም፤ በዚህም ስንከራከር አምሽተናል።

በመጨረሻ በቤተ ልሔምና በኬብሮን መካከል የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል አቁመው በ1954 በኢየሩሳሌም ሞቱ። ለበሽተኞቹ የጀመሩት ስፍራ በኋላ ልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ተባለ፤ በ1965 አለርት የተመሠረተው በዚያው ነው። በዙሪያውም የበሽተኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች ቤት ሠርተው ይኖራሉ።