ቲሸርት ላይ የምናየው በላይ ዘለቀ ማን ነበር?

ጎፈሬውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቲሸርት ላይ፣ ባነር ላይ፣ ፕሮፋይል ፎቶ ላይ አለ። ለስክሪን ፕሪንት የሚመች ፎቶ ነው፤ ግራጫው ሁሉ ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲቀር እንኳ ማን እንደሆነ ይለያል። በአንድ ቀለም መቶ ቲሸርት ማተም ይቻላል። ተቃውሞ ያለውም፣ ጀግና የሚያከብረውም ያትመዋል። ግን ሰውዬው ማን ነበር? ባጭሩ እንንገራችሁ።

በላይ የተወለደው በ1904 ዓ.ም. ገደማ ነው። የአባቱ የዘለቀ ላቀው ዘር ከብቸና፣ ለምጨን ነው። አባቱ ሲገደሉ ገና ልጅ ነበር።

ጣሊያን ሲገባ ጥቂት ሰው ይዞ ሸፈተ። አባ ኮስትር ተባለ። ብቸናንና ዙሪያውን ይዞ አምስቱን ዓመት ተዋጋ። ለተከታዮቹ እስከ ራስነት ድረስ ማዕረግ ሰጥቷል፤ ለራሱ ግን አልወሰደም። እናቱ ያወጡለት ስም ከማዕረግ ሁሉ በላይ ነው ብሎ ነው ይባላል።

በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ደጃዝማች ተብሎ ብቸናን እንዲያስተዳድር ተሾመ። ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ጎጃምን ይገዙ ከነበሩት ከራስ ኃይሉ በለው ጋር አልተስማማም። ከሱ ያነሰ የተዋጋው ሲበልጥ አየ፣ ቅር አለው። ጦር ተላከበት፤ ሶማ ተራራ ላይ ተከቦ ተዋጋ፣ በመጨረሻም እጁን ሰጠ።

አዲስ አበባ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ተቀየረለት። በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጎን ከቆመው ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ሊያመልጥ ሞክሮ ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. ተሰቀለ፤ ወንድሙ እጅጉ ዘለቀና ልጅ ማሞም አብረውት ተሰቀሉ። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን፣ በአንድ መንግሥት እጅ ማለት ነው።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ ብቸናና ሞጣ እንደገና ተነሱ። ምክንያቱ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ነበር። ገበሬው መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይወሰዳል ብሎ ሰጋ። መጀመሪያ አቤት አለ፣ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃ አነሳ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። በስተመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ግብሩም ቀረ።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በበላይ ስም ይጠራል፣ አዲስ አበባም በስሙ መንገድ አላት። መንግሥት ሰቀለው፣ መንግሥት አከበረው። ተቃዋሚም ያትመዋል፣ ባለሥልጣንም ይጠራዋል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶውን የምትለብሱ ሁሉ ታሪኩን በሙሉ ያዙት። ከጠላት ጋር የተዋጋው በላይና በገዛ ሀገሩ መንግሥት የተሰቀለው በላይ አንድ ሰው ናቸው። ግማሹን ብቻ የሚነግራችሁ ሰው ካለ፣ ሌላውን ግማሽ ለምን እንደተወው ጠይቁት።

ብቸናና ሞጣ ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ የ1960ውን የሚያስታውሱ አያቶች አሁንም አሉና ሳይረፍድ ጠይቋቸው።