መብረቅ የሠራው ሰው

ሰማዩ ጠቁሮ ማጉረምረም ሲጀምር ብዙዎቻችን ሻማ ፍለጋ እንነሳለን፤ መብራት እንደሚሄድ ከልምድ እናውቃለና። ለምን እንደሚሄድ ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ ይህን ለመረዳት ሳነብ ነው ቻርልስ ፕሮቲየስ ስታይንሜትዝን ያገኘሁት። የኤሌክትሪክ ሊቅ በጋዜጠኝነት ተማሪዎች መጽሔት ላይ ምን ሊሠራ መጣ የሚለኝ ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። ሰውየውን ከአገሩ ያስወጣው ጋዜጣ ነው።

ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1865 በያኔዋ የፕሩሺያ ከተማ በብሬስላው ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ትገኛለች። ከአባቱ በወረሰው የአካል ጉዳት ጀርባው ጎብጦ ነበር፤ ቁመቱም 1 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር አይሞላም። ዩኒቨርሲቲ እየተማረ የሶሻሊስቶች ጋዜጣ ያዘጋጅ ስለነበር ከመታሰር ለማምለጥ በ1888 ወደ ስዊዘርላንድ ሸሸ። በዓመቱ ኒውዮርክ ሲደርስ ገንዘብ የለው፣ እንግሊዝኛ የለው፤ የወደቡ ሹሞች ሊመልሱት ምንም አልቀራቸውም። አብሮት የተጓዘው ጓደኛው ስለ እሱ ኃላፊነት ወስዶ አስገባው።

ያ ሊመለስ የነበረ ስደተኛ በ1892 በኤሌክትሪክ ሞተሮች ብረት ውስጥ የሚባክነውን ኃይል አስቀድሞ ማስላት የሚያስችል ሕግ አቀረበ። ከዚያም ጀኔራል ኤሌክትሪክ ቀጠረው፤ ስኬነክታዲ በምትባል ከተማም ኖረ። ከ1902 ጀምሮ እዚያው በዩኒየን ኮሌጅ አስተማረ። ጉዳቱ ወደ ልጆቹ እንዳይተላለፍ ብሎ አላገባም፤ የቤተ ሙከራ ረዳቱን ግን ልጄ ብሎ ወስዶ የልጅ ልጆች አየ።

በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ መስመር በየአገሩ እየረዘመ ነበር። መስመሩ ሲረዝም ታዲያ ለመብረቅ ተጋለጠ። መብረቅ መስመሩን ሲመታ ድንገተኛው ኃይል በሽቦው ላይ ጋልቦ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። ይህን ኃይል ገትሮ ማቆም አይቻልም፤ የሚቻለው ሌላ መንገድ መስጠት ነው። የመብረቅ መከላከያ የሚባለው መሣሪያ በአዘቦት ቀን ዝግ ነው። መብረቅ ሲመጣ ብቻ ወደ መሬት ይከፈትና መልሶ ይዘጋል። ችግሩ መሣሪያው መሥራቱን በምን ይፈትኑታል? መብረቅ እኮ በቀጠሮ አይመጣም!

በ1920 መብረቅ የስታይንሜትዝን የወንዝ ዳር ጎጆ መታው። መስታወቱ ደቀቀ። እሱ ግን ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ በሁለት መስታወቶች መካከል ገጣጠመውና መብረቁ የሄደበትን መንገድ አጠና። በ1922 ደግሞ በቤተ ሙከራው 120,000 ቮልት የሚለቅ ሰው ሠራሽ መብረቅ አሳየ። ቀስ በቀስ የተጠራቀመው ኃይል ባንዴ ሲለቀቅ እንጨቱ ተሰነጣጥቆ ተበተነ። ኤዲሰን ሳይቀር በዚያው ዓመት ሊጎበኘው መጣ። ከዚህ በኋላ መከላከያውን ለመፈተን ክረምት መጠበቅ አላስፈለገም።

ጋዜጦቹ የስኬነክታዲው አስማተኛ ይሉት ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ስም ሰውየውን አሳንሶታል። አስማት ብለን ከጻፍን አንባቢው ተደንቆ ያልፋል እንጂ ምን እንደተሠራ አይገባውም። ሥራው ስባሪ መልቀም፣ መለካትና ደግሞ ደጋግሞ መሞከር ነበር።

ስታይንሜትዝ በጥቅምት 1923 በ58 ዓመቱ አረፈ። ትራንስፎርመሮች ግን ዛሬም መስመር ላይ ከመውጣታቸው በፊት በሰው ሠራሽ መብረቅ ይፈተናሉ። ቀጥሎ መብራት ሲሄድ እንግዲህ መጠየቅ ያለብን መብረቁ ለምን መጣ ብለን አይደለም፤ መንገድ ተሠርቶለት ነበር ወይ ብለን ነው።